የፊቱን መዘውር በአንድ ጥርስ አሳደግኩ፤ ፍጥነቴ ግን ቀነሰ

የማለዳ ጋላቢ

ሰላም ለሁላችሁ። ለሦስት ሳምንት ሳወጣና ሳወርድ የቆየሁትን ነገር ባለፈው ቅዳሜ አደረግኩት፤ ውጤቱ ግን ከጠበቅኩት ተቃራኒ ሆነብኝ።

ሞተር ሳይክሌ 150 ሲሲ፣ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ባለ አምስት ማርሽ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ ካቴናው ከፊት ባለ 15 ጥርስ፣ ከኋላ ባለ 43 ጥርስ መዘውር ላይ ይዞራል። በረጅም ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ሞተሩ በጣም ይጮኻል። አምስተኛ ላይ እያለሁ እግሬ ሳላስበው ስድስተኛ ማርሽ ፍለጋ መርገጫውን ወደ ላይ ያነሳል። ስለዚህ የፊቱን መዘውር ባለ 16 ጥርስ አድርጌ ቀየርኩት።

ስሌቴ ቀላል ነበር። በፊት ሙሉ ነዳጅ ሰጥቼ አምስተኛ ማርሽ ላይ ሞተሩ 8200 ዙር በደቂቃ ሲደርስ በሳተላይት የሚለካው ፍጥነት 108 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነበር። አሥራ ስድስት ለአሥራ አምስት ሲካፈል ወደ 7 በመቶ የሚጠጋ ጭማሪ ይሰጣል፤ እንግዲያው 115 መድረስ ነበረብኝ። የደረስኩት 103 ነው። ሞተሩ 7300 ዙር ላይ ቆሞ አልንቀሳቀስ አለ። ይበልጥ የገረመኝ፣ ወደ አራተኛ ዝቅ ብዬ ስሞክረውም ያው 103 መጣ። አራተኛና አምስተኛ ማርሽ እንዴት እኩል ፍጥነት ይሰጣሉ? ምን አበላሸሁ?

ነፋስ ሰንጣቂ

ወንድሜ፣ ምንም አላበላሸህም ብዬ አስባለሁ፤ ምናልባት የለካህበት ቀን ነፋስ ከፊት ይነፍስ ነበር። እኔ በ250 ሲሲ የገጠር መንገድ ሞተሬ ላይ የፊቱን ከ13 ወደ 14 ጥርስ ቀይሬ ፍጥነቴ በግልጽ ጨምሯል። ደግመህ ሞክር።

ሂሳብ ወዳጅ

ከመገመታችን በፊት ቁጥሮቹን እንያቸው። የሞተርህ መመሪያ መጽሐፍ ላይ ሦስት ነገሮች ይኖራሉ፤ ከክራንክሻፍቱ (ከሞተሩ ዋና ዘንግ) ወደ ፍሪሲዮኑ (ሞተሩን ከማርሹ ወደሚያገናኘውና ወደሚለየው ክፍል) ያለው የመጀመሪያ ቅነሳ፣ ማለትም ዙሩ ስንት እጥፍ እንደሚቀንስ፣ የእያንዳንዱ ማርሽ ሬሾ፣ የመጨረሻው የካቴና ቅነሳ። እነሱን ጻፍልን። የኋላ ጎማውን ዙሪያም ለካ። ጎማው ላይ በኖራ ምልክት አድርግ፣ ሰው ተቀምጦበት አንድ ሙሉ ዙር አንከባልለው፣ ምልክቱ መሬት የነካባቸውን ሁለት ቦታዎች በሜትር ለካ። ጎማው ላይ ከተጻፈው ቁጥር ከማስላት ይህ ይሻላል፤ ጎማ ክብደት ሲያርፍበት ትንሽ ይጨፈለቃልና።

የማለዳ ጋላቢ

አመሰግናለሁ። የመጀመሪያው ቅነሳ 3.35 ነው። ማርሾቹ 2.77፣ 1.88፣ 1.33፣ 1.08 እና 0.92 ናቸው። የጎማው ዙሪያ 1.945 ሜትር ሆነ። መመሪያው ከፍተኛው ጉልበት 13 የፈረስ ጉልበት በ8000 ዙር እንደሚገኝ ይናገራል፤ ሞተሩ ማለፍ የሌለበት ቀዩ መስመር ከ9500 ይጀምራል። ነፋስን በተመለከተ፣ በሁለቱም አቅጣጫ ሄጄ ነው አማካዩን የወሰድኩት፤ መንገዱም ሜዳ ነው።

ሂሳብ ወዳጅ

በጣም ጥሩ፣ ሁሉም ነገር አለን።

አምስተኛ ማርሽ በባለ 15 ጥርሱ ጊዜ፦ 3.35 በ0.92 በ2.867 (43 ለ15 ሲካፈል) ሲባዛ 8.835 ይሆናል። ይህ ማለት የኋላ ጎማ አንድ ጊዜ እንዲዞር ሞተሩ ወደ ዘጠኝ ጊዜ የሚጠጋ ይዞራል። በባለ 16 ጥርሱ 8.283 ይሆናል። 8200 ዙርን ለ8.835 አካፍለህ በ1.945 ብታባዛ በደቂቃ 1805 ሜትር ታገኛለህ፤ በሰዓት 108 ኪሎ ሜትር ነው። ልኬትህ ትክክል ነው ማለት ነው። ፍሪሲዮንህም እየተንሸራተተ አልነበረም፤ ቢንሸራተት ኖሮ ዙሩና ፍጥነቱ እንዲህ አይገጥሙም ነበር።

አሁን የገረመህን ነገር እንይ። በባለ 16 ጥርሱ አራተኛ ማርሽ ላይ ጠቅላላው ቅነሳ 9.72 ነው። በዚህ ማርሽ 103 ኪሎ ሜትር ለመድረስ ሞተሩ ወደ 8600 ዙር ያስፈልገዋል። በአምስተኛ ደግሞ 7300። እንግዲህ ሞተርህ በ7300 እና በ8600 ዙር የሚያወጣው ጉልበት እኩል ነው፤ አንዱ ከጫፉ (ከፍተኛው ጉልበት ከሚገኝበት 8000 ዙር) በታች፣ ሌላው ከጫፉ በላይ። ሁለቱ ማርሾች እኩል ፍጥነት የሰጡህ ለዚህ ነው።

ብረትና ዘይት

ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት ሞተር ሳይክል ስፈታና ስገጥም ኖሬያለሁ፤ ይህን ጥያቄ የማይጠይቅ ወጣት አላየሁም። ጥያቄው መልካም ነው፣ ነገር ግን ከተሳሳተ ቦታ ይነሳል። ብዙ ሰው ማርሽ ፍጥነት የሚሰጥ ይመስለዋል። ማርሽ ጉልበት አይፈጥርም፤ ያለውን ጉልበት በዙርና በግፊት መካከል ያለዋውጣል እንጂ። ከፍተኛውን ፍጥነት የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ሞተሩ ማውጣት የሚችለው ከፍተኛ ጉልበትና አየሩ የሚመልስብህ ግፊት። የማርሽ ሥራ እነዚህ ሁለቱ ሲገናኙ ሞተሩ በትክክለኛው ዙር ላይ እንዲገኝ ማድረግ ብቻ ነው።

አየር ደግሞ ይቅር የማይል ነገር ነው። የአየሩ ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል፤ ያንን ግፊት እየገፉ ለመሄድ የሚያስፈልገው ጉልበት ደግሞ በፍጥነቱ ኩብ ያድጋል። ከ108 ወደ 115 ለመድረስ ከ20 በመቶ በላይ ተጨማሪ ጉልበት ትፈልጋለህ። አሥራ ሦስት የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ወደ አሥራ ስድስት የሚጠጋ ከየት ያምጣ? አንድ የብረት ጥርስ ይህን ሊሰጥህ አይችልም።

መለየት የፈለገ ሰው መለያው ይኸው፦ በመጨረሻው ማርሽ፣ ሙሉ ነዳጅ ሰጥቶ፣ ፍጥነቱ መጨመር ሲያቆም የዙር መለኪያውን ይመልከት። ሞተሩ ከከፍተኛ ጉልበቱ ዙር በጣም አልፎ ከሄደ፣ ማርሹ አጭር ነውና ፊት ላይ ጥርስ መጨመር ፍጥነት ያስገኛል። ነፋስ ሰንጣቂ የነገረን ይህንን ይመስለኛል፤ የገጠር መንገድ ሞተሮች ለጭቃና ለዳገት ተብለው አጭር ማርሽ ይዘው ይወጣሉ፣ በመጨረሻው ማርሽ ቀዩን መስመር በቀላሉ ይነካሉ። ሞተሩ ወደዚያ ዙር መድረስ ካቃተው ግን ማርሹ ረጅም ነው፤ ጥርስ መቀነስ ነው ፍጥነት የሚጨምረው። የአንተ ሞተር በ8200 ይቆም ነበር፣ ጫፉም 8000 ነው። ፋብሪካው ትክክለኛውን ቦታ አግኝቶልህ ነበር።

አንድ ነገር ግን አልገጠመልኝም። በትክክል ከተሠራ፣ በባለ 16 ጥርሱ ትንሽ ብቻ ነበር ማጣት ያለብህ፤ አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ሜትር። አንተ አምስት አጥተሃል። 103ን ለ108 አካፍለህ ሦስት ጊዜ ብታባዛው 0.87 ይመጣል፤ ከጎማው 13 በመቶ ጉልበት ጠፍቷል ማለት ነው። በ7300 እና በ8200 ዙር መካከል ያለው ልዩነት ብቻውን ይህን ያህል አይበላም። በተጨማሪ የሚይዝ ነገር አለ። አዲሱን መዘውር ስታስገባ የኋላውን ጎማ ወደ ፊት አቅርበሃል?

የማለዳ ጋላቢ

ጋሼ፣ አላቀረብኩትም። ካቴናው በትንሽ ግፊት ገብቶ ስለ ተቀመጠልኝ ልክ ነው ብዬ ተውኩት። ቀድሞ ትንሽ ላልቶ ስለ ነበር እንዲያውም ተስተካከለ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን እርስዎ ሲሉኝ ነው ያሰብኩት።

ብረትና ዘይት

እዚያው ጋ ነው። አንድ ጥርስ ሲጨመር መዘውሩ ከካቴናው ግማሽ አንጓ ያህል ተጨማሪ ርዝመት ይወስዳል። በአንተ ዓይነት ሞተር ላይ ይህ ስድስት ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የላይኛውና የታችኛው መስመር ስለሚካፈሉት ጎማው ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ፊት መምጣት አለበት። ሦስት ሚሊ ሜትር ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን አንተ ስትቀመጥና የኋላው ማንጠልጠያ ዝቅ ሲል፣ በጎማውና በፊቱ መዘውር መካከል ያለው ርቀት ይጨምራል። በቆመበት ልክ የመሰለ ካቴና ስትቀመጥበት እንደ ክራር ክር ይወጠራል። ያ ውጥረት የካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) ዘንግ ኩሽኔታ ይጎትታል፣ የጎማውን ኩሽኔታ ይጎትታል፣ ጉልበት ይበላል። ፍጥነት ከመቀነሱ ይልቅ ያ ኩሽኔታ ያሳስበኛል። እባክህ እስክታስተካክለው ድረስ አትንዳው።

መመሪያህ የሚለውን የካቴና ልቀት፣ ማለትም ካቴናው መሃሉ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀስበትን መጠን፣ እይ፤ በብዙ ትንንሽ ሞተሮች ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ነው። ካቴናውን በተለያየ ቦታ እያዞርክ ለካ፣ በጣም በሚወጠርበት ቦታ ላይ ነው ልኩን የምትይዘው። በሁለቱም ጎን ያሉት ምልክቶች እኩል መሆናቸውን አረጋግጥ። ጎማውን ስታንቀሳቅስ የኋላው ፍሬን ዘንግም ርዝመቱ ስለሚለወጥ አስተካክለው፣ አለበለዚያ ፍሬኑ እየነካካ ይይዝሃል።

ዳገት አይፈሬ

እኔ በተቃራኒው መንገድ የሄድኩ ሰው ነኝ። ሞተሬ ሁልጊዜ ጭነት ይሸከማል። ከ15 ወደ 14 ጥርስ ዝቅ አድርጌዋለሁ። በእያንዳንዱ ማርሽ ወደ ጎማው የሚደርሰው ግፊት በ7 በመቶ ጨመረ፤ ዳገት ስነሳ ፍሪሲዮኑን ለረጅም ጊዜ ማንሸራተት ቀረልኝ። ቀድሞ በየጥቂት ወሩ የፍሪሲዮን ሽታ ይሸተኝ ነበር፤ አሁን የለም። ከፍተኛ ፍጥነት ቀነሰ ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ጭነት ይዤ ድሮም አምስተኛ ማርሽ ላይ አልቆይም ነበር፤ አሁን እቆያለሁ። ስለዚህ በተግባር ፈጥኛለሁ።

የሦስተኛ ማርሽ ልጅ

ይቅርታ፣ ጥያቄዬ ትንሽ ከርዕሱ ሊርቅ ይችላል፤ መንዳት ከጀመርኩ ስድስት ወሬ ነው። ከአራተኛ ወደ አምስተኛ ስቀይር አልፎ አልፎ ማርሹ የገባ ይመስለኝና ነዳጅ ስሰጥ ሞተሩ በባዶ ይጮኻል፤ ፎሌ ላይ እንዳለ ማለት ነው። ደግሞም ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ስቀይር ሞተሩ በጣም ይወርዳል፤ ከአራተኛ ወደ አምስተኛ ግን ብዙም አይሰማኝም። ይህ የሞተሩ ችግር ነው ወይስ የእኔ?

ሂሳብ ወዳጅ

ሁለተኛውን ጥያቄሽን እኔ ልመልስ፣ እህቴ። ችግር አይደለም፣ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ከላይ የተጻፉትን የማርሽ ሬሾዎች ተመልከቺ። ከ2.77 ወደ 1.88 ስትሄጂ ሞተሩ ከዙሩ ሢሶ የሚጠጋውን ያጣል፤ በ8500 ብትቀይሪ ወደ 5770 ይወርዳል። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ወደ 6010፣ ከሦስተኛ ወደ አራተኛ ወደ 6900፣ ከአራተኛ ወደ አምስተኛ ወደ 7240። ደረጃው ወደ ላይ ሲወጣ እየጠበበ ይሄዳል። ምክንያቱ ቅድም የተባለው የአየር ነገር ነው። ዝቅተኛ ፍጥነት ላይ ሞተሩ ትርፍ ጉልበት ስላለው ዙሩ ቢወድቅም መልሶ ያነሳዋል። ከፍተኛ ፍጥነት ላይ ግን ትርፉ ጥቂት ነው፤ ዙሩ በጣም ከወደቀ አየሩ ያሸንፈዋል፣ ማርሹም የማይነዳ ይሆናል። ስለዚህ በመጨረሻዎቹ ማርሾች ከኃይሉ ጫፍ ትንሽ አልፈሽ ብትቀይሪ ይሻላል፤ እንዲህ ከሆነ የሚቀጥለው ማርሽ ከጫፉ ትንሽ በታች ይቀበልሻል።

በነገራችን ላይ ሱዙኪ በ1967 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለ50 ሲሲ የዓለም ውድድር ያሰለፈው ሞተር ሳይክል 14 ማርሽ ነበረው። ሞተሩ ከ17,000 ዙር በላይ የሚሠራና ጉልበቱ በጣም ጠባብ በሆነ የዙር ክልል ውስጥ ብቻ የሚገኝ ስለ ነበር፣ ማርሾቹ ተጠጋግተው ካልተደረደሩ ከዚያ ክልል ይወድቅ ነበር። ባስታወስኩት ቁጥር እነዚያን እግሮች አደንቃለሁ።

ብረትና ዘይት

የመጀመሪያውን ጥያቄ እኔ ልውሰደው፣ ልጄ። በሞተር ሳይክል ካምቢዮ ውስጥ ማርሾቹ ሁልጊዜ እርስ በርስ እንደ ተነካከሱ ናቸው። መርገጫውን ስትነኪ አንድ ከበሮ ይዞራል፤ ከበሮው ላይ ያሉት ጎድጓዳ መስመሮች ሹካዎቹን ይገፋሉ፤ ሹካዎቹ ደግሞ አንዱን ማርሽ ወደ ጎን አንሸራትተው በጎኑ ያሉትን ወፋፍራም ጥርሶች ከጎረቤቱ ቀዳዳ ጋር ያቆላልፋሉ። እግርሽ በግማሽ ልብ ከነካው ከበሮው ሙሉ ደረጃውን ሳይዞር ይቆማል፤ ጥርሶቹ ሳይገቡ ወይም ጫፋቸው ብቻ ተያይዞ ይቀራሉ። ያ ነው በባዶ የሚጮኸው።

መድኃኒቱ እንዲህ ነው። ከመቀየርሽ በፊት በጫማሽ ጫፍ መርገጫውን በቀስታ ወደ ላይ ደግፊው። ነዳጁን መልሺ፣ ፍሪሲዮኑን ትንሽ ብቻ ጭመቂ፣ እግርሽን በአንድ ቆራጥ እንቅስቃሴ እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጊ፤ ፍሪሲዮኑን እስክትለቂ ድረስ እግርሽን አታንሺ። መርገጫው ለጫማሽ ዝቅ ወይም ከፍ ያለ እንደሆነ እዪ፤ በብዙ ሞተሮች ላይ ይስተካከላል። ይህን ሁሉ አድርገሽ ከቀጠለ፣ በተለይም ከገባ በኋላ በራሱ የሚወጣ ከሆነ፣ የጥርሶቹ ጠርዝ ተበልቶ ወይም ሹካው ጎብጦ ይሆናልና ሳይቆይ ይፈተሽ።

ሰማያዊ ቆብ

ወደ ታች ስለ መቀየርም አንድ ነገር ልጨምር፤ ያየሁት አደጋ ስላለ ነው። በአምስተኛ በ6500 ዙር እየሄዳችሁ በቀጥታ ወደ ሦስተኛ ብትወርዱና ፍሪሲዮኑን ብትለቁ፣ ከላይ ባሉት ሬሾዎች ሞተሩ ወደ 9400 ዙር ይገደዳል። የኋላ ጎማው በዚያች ቅጽበት ፍሬን እንደ ተያዘበት ሊቆለፍ ይችላል፤ በእርጥብ መንገድ ላይ ይህ መውደቅ ነው። አንድ በአንድ ውረዱ፤ ፍሪሲዮኑን ከመልቀቃችሁ በፊት ነዳጅ ለቅጽበት ነካ አድርጋችሁ የሞተሩን ዙር አንሱት። ጓደኛዬ ይህን ሳያውቅ አንድ ጠዋት ትከሻውን ሰብሯል።

ስለ ፍሪሲዮንም፦ የማለዳ ጋላቢ ፍሪሲዮኑ ደኅና ቢሆንም፣ ዙሩ ከፍ እያለ ፍጥነቱ የማይከተል ሰው ካለ መጀመሪያ ዘይቱን ይጠርጥር። በብዙ ሞተር ሳይክሎች ፍሪሲዮኑ በሞተሩ ዘይት ውስጥ ይዋኛል። ለመኪና የተሠሩ አንዳንድ ዘይቶች ሰበቃ የሚቀንስ ቅመም ስላላቸው ፍሪሲዮኑን ያንሸራትቱታል። ጣሳው ላይ የጃሶ ኤም ኤ ምልክት ያለበትን ምረጡ።

ነፋስ ሰንጣቂ

ጋሼ፣ የተናገሩትን ትናንት ፈተንኩት፤ አሮጌውን ባለ 13 ጥርስ መልሼ አስገባሁት። በመጨረሻው ማርሽ ሞተሩ ሳይቸገር የዙር መገደቢያው ላይ ደርሶ መቆራረጥ ጀመረ፤ ገና ጉልበት ተርፎት እያለ ማለት ነው። በባለ 14ቱ ግን ከመገደቢያው በታች ራሱ ይቆማል። ነፋስ ነው ብዬ የመለስኩት መልስ ትክክል እንዳልነበረ አሁን ገብቶኛል። አንድ ጥያቄ አለኝ፦ የእኔ ፍጥነት መለኪያ የሚነበበው ከካምቢዮው መውጫ ነው። ጥርስ ስቀይር ንባቡ ይዛባል?

ሂሳብ ወዳጅ

አዎ፣ ይዛባል። መለኪያው የሚቆጥረው የፊቱን መዘውር ዙር እንጂ የጎማውን አይደለም። ፊት ላይ ጥርስ ስትጨምር በተመሳሳይ እውነተኛ ፍጥነት መዘውሩ ያነሰ ይዞራል፤ ስለዚህ መለኪያው ከበፊቱ ያነሰ ያሳይሃል። የተጓዝከውን ኪሎ ሜትርም አሳንሶ ይመዘግባል፤ ዘይት በኪሎ ሜትር የምትቀይር ከሆነ አስታውሰው። መለኪያቸው በገመድ ከፊት ጎማ የሚነሳ ሞተሮች ይህ ችግር የለባቸውም።

የማለዳ ጋላቢ

ከአምስት ቀን በኋላ ተመልሻለሁ።

ካቴናውን ስፈትሽ፣ እኔ ተቀምጬበት ወንድሜ በጣቱ ሲገፋው ፈጽሞ አልንቀሳቀስ አለ። ጎማውን ወደ ፊት አቀረብኩ፣ ልቀቱን 25 ሚሊ ሜትር አደረግኩ፣ የፍሬኑን ዘንግ አስተካከልኩ። ኩሽኔታዎቹን በእጄ እያዞርኩ አዳመጥኩ፤ ድምፅ የላቸውም፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ከዚያ በዚያው መንገድ፣ በሁለቱም አቅጣጫ፣ በዚያው ልብስ ለካሁ። በባለ 16 ጥርሱ አሁን 7600 ዙር ላይ ይቆማል፤ 107 ኪሎ ሜትር። በማግስቱ ባለ 15 ጥርሱን መልሼ ካቴናውን እንደገና አስተካክዬ ሞከርኩ፤ 8200 ዙር፣ 108። ጋሼ እንዳሉት የአንድ ኪሎ ሜትር ልዩነት ብቻ ነው።

ነገር ግን በ80 ኪሎ ሜትር ስሄድ በባለ 15ቱ 6060 ዙር የነበረው በባለ 16ቱ 5680 ነው። ጩኸቱ ቀንሷል፣ እጀታው ላይ የነበረው መንቀጥቀጥም እንዲሁ። መጀመሪያ የፈለግኩት ይህንን ነበር፤ በመሃል ግን ስለ ከፍተኛው ፍጥነት ማሰብ ጀምሬ ተሳሳትኩ። ብቻዬን በሜዳ ለምሄድበት ጊዜ ባለ 16ቱን ይዣለሁ። ወንድሜን ከኋላ አሳፍሬ ዳገት ስወጣ ግን አምስተኛ አይነሳልኝም፤ ወደ አራተኛ መውረድ አለብኝ።

ዳገት አይፈሬ

ሁለት ሰው የሚጫንበት ጊዜ ከበዛ ወደ 15 ተመለስ። ፊት ላይ አንድ ጥርስ ማለት ኋላ ላይ ሦስት ጥርስ ያህል ስለሆነ፣ መካከለኛ ነገር ከፈለግክ ፊት 15 ትተህ ኋላውን በአንድ ወይም በሁለት ጥርስ መቀነስ ትችላለህ።

ብረትና ዘይት

በጥሩ ሁኔታ ሠርተሃል። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፦ ካቴናው አሮጌ፣ የፊቱ መዘውር አዲስ ነው። የተለጠጠ ካቴና አዲስ ጥርስን በጥቂት ወራት ውስጥ ያሾለዋል። በሞተርህ መጠን ያለ ካቴና ሃያ አንጓው ተወጥሮ ሲለካ በአዲስነቱ 254 ሚሊ ሜትር ነው፤ 259 ሲደርስ ካቴናውንና ሁለቱንም መዘውሮች በአንድነት ቀይር። ለካና ንገረኝ።

የማለዳ ጋላቢ

አሁን ለክቼ መጣሁ ጋሼ። በሦስት ቦታ ለካሁት፤ 256፣ 256 እና በአንዱ ቦታ 257። ከእያንዳንዱ 500 ኪሎ ሜትር በኋላ እየለካሁ እዚሁ እጽፋለሁ።